ጥቁሩ ወፍ ዳማዋን ሲያጎርሳት

ከደጀን እስከ ሞጣ ባለው አገር የረግረግ ወፍ በማወቅ የሚስተካከለኝ ሰው አልተወለደም። አንድ ሁለት ሰዎች ሊወለዱ አስበው ነበር አሉ፤ የእኔን ዝና ሲሰሙ ትተውታል። ወፍ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ምን ሊል እንደሆነ አውቃለሁ። የወደቀ ላባ አንስቼ፣ አሽትቼ፣ የወፉን ዕድሜ፣ ጠባዩንና የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ እናገራለሁ። ይህን ሁሉ ቢቸና ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳወራ አንድም ሰው ተከራክሮኝ አያውቅም። የሚያምኑኝ ይመስለኝ ነበር። ሰው ዝም የሚለኝ የራሱ ሥራ ስላለው መሆኑን የተረዳሁት በቅርቡ ሞጣ ሄጄ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ቢቸና ውስጥ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሞጣ ለሚሠራ አንድ ቤት የብረት በር ሊገጥም ሄደ። በሩን ገጥሞ ሲጨርስ መዶሻውን፣ ሜትሩን፣ ገመዱን ሰብስቦ ሲመጣ ልቡን እዚያው ረስቶት መጣ። ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ የበሩ ጎረቤት። ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ ከረሙና ነገሩ ሽማግሌ የሚላክበት ደረጃ ደረሰ።

እህቴ ሽማግሌ ስትመርጥ እኔን ከዝርዝሩ ያወጣችኝ ገና ዝርዝሩ ሳይጀመር ነው። ነገር ግን ዘመድ ተሰብስቦ፣ «የእናቱ ወንድም እያለ ቢቀር እነዚያ ምን ይሉናል? ተጣልተዋል ይሉናል» አላት። ስትሸነፍ ጠራችኝና ፊት ለፊቷ አቆመችኝ።

«ትሄዳለህ። ሲቆሙ ትቆማለህ፤ ሲቀመጡ ትቀመጣለህ። ሲስቁ እንኳ ከሌሎቹ በኋላ ነው የምትስቀው። አፍህን ለምግብ ብቻ ትከፍታለህ።»

«ለምግብስ ስንት ጊዜ?»

«ውጣልኝ ከቤቴ!»

ሦስት ነበርን። ተናጋሪው የልጁ የአባቱ አጎት ናቸው፤ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ሲናገሩ ዝናብ የሚያቆም ሰው። ሁለተኛው የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ሞጣ ላይ ሲነግዱ ከኖሩ የሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ፣ ጨርቅ ነጋዴ። የልጅቷ አባት በጣም ስለሚያከብሩት አገናኛችን እሱ ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ እንደ ቋሚ ዕቃ የተወሰድኩ።

ከቢቸና በተነሳንበት ሚኒባስ የአንዱ መስኮት መስታወት አልዘጋ አለ። ሽማግሌው የተቀመጡት እሱ ሥር ነው። ተነሱ ብለን ብንለምናቸው፣ «ነፋስ መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል» ብለው እምቢ አሉ። ሞጣ ስንደርስ ድምፃቸው ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር። ከጉሮሯቸው የሚወጣው ዘይት ያልነካው ማጠፊያ ያለው በር ሲከፈት የሚያሰማው ነገር ነው።

ነጋዴው ጓደኛዬ ሁለታችንን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲህ ማን ሊናገር ነው?» አለ።

«አንተ ተናገራ!»

«እኔ የሞጣ ሰው ነኝ፤ ከልጁ ወገን አይደለሁም። ጠያቂው ከልጁ ወገን ነው መሆን ያለበት።» ትንሽ አሰበና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! አንተ ልትናገር ነው!»

የልጅቷ አባት ቤት ከሞጣ ዳር፣ ከአንድ ሰፊ ጨፌ አፋፍ ላይ ነው። ጨፌው የመንደሩ ጥብቅ ሣር ነው። ክረምት ሲገባ ከብት እንዳይደርስበት ተባብለው ይዘጉታል፤ ኅዳር ላይ በአንድ ቀን ከፍተው ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወርድበታል። እስከዚያ ድረስ የሚጠብቁት እኚሁ አባት ናቸው፤ ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቀውታል። ይህን ጓደኛዬ በመንገድ ላይ ነግሮኛል። እኔ ግን በልቤ ንግግር እያዘጋጀሁ ስለነበር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

እንደ ደንቡ ደጅ ቆምን።

«ግቡ እንጂ፤ ምነው ቆማችሁ?» አሉ አባትየው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይንቀሳቀስ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም» አልኩ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከየት እንደመጣን፣ የማን ወገን እንደሆንን፣ ልጃችን ሠራተኛና ጨዋ መሆኑን ተናገርኩ። ጓደኛዬ ትንፋሹን ለቀቀ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ድንገት ከታች ከቀጤማው ውስጥ የወፍ ድምፅ መጣ። ሁለት ወፎች አንድ ላይ፣ ወፍጮ ላይ ጠጠር የተገኘ ይመስል «ኩር-ር-ር» የሚሉት። እውቀቴ ተነሳብኝ።

«ይሰማሉ አባቴ?» አልኩ እጄን ወደ ጨፌው ዘርግቼ። «እግዜር ራሱ መሰከረልን! ከደጅዎ ባለው ጨፌ ውስጥ ጥቁር ወፍና ቀላ ያለች ዳማ ወፍ አሉ። ጥቁሩ ባል ነው፤ ዳማዋ ሚስት ናት። እንደነዚህ የሚዋደዱ ባልና ሚስት በሰውም በወፍም አልታየም። ቢቸና ወንዝ ዳር በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው፤ ጥቁሩ ዳማዋን ሲያጎርሳት! በምንቃሩ፣ በፍቅር፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ! የእኛም ልጅ እሳት ዳር ውሎ ጠቁሯል፤ የእርስዎም ልጅ ጠይም ናት ሲሉ ሰምተናል። እንግዲህ እንደነዚያ ሁለት ወፎች ሲጎራረሱ ይኑሩ ብለን ነው የመጣነው።»

ስጨርስ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር። ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ያያል።

«ማን ማንን ሲያጎርስ ነው ያየኸው?» አሉ አባትየው።

«ጥቁሩ ዳማዋን።»

«ዳማዋ በቁመት ከጥቁሩ ታንሳለች፣ ትበልጣለች?»

«ሚስት አይደለች? ታንሳለች እንጂ!»

አባትየው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ይህን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?»

«ከቢቸና» አለ ጓደኛዬ በቀጭን ድምፅ።

«ወደዚያው መልሰው።» ከዚያ ወደ እኔ ቀረቡ። «ስማኝ። ባልና ሚስት ያልካቸው አባትና ልጅ ናቸው። ያቺ የምትጎርሰው የጥቁሩ ጫጩት ናት፤ ገና ላባዋን ያልቀየረች። እኛ ልጅ ስንሰጥ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን። አንተ አንድ ቤት እንኳ ሳትቆጥር አባትን ለገዛ ልጁ ድረህ፣ ‘የእናንተም ልጅ እንደዚያ ትሁን’ ብለህ ደጄ ላይ ቆመሃል!»

ሽማግሌው ምንም ድምፅ ሳይኖራቸው «ኡኡ» አሉ። እንዴት እንዳሉት አላውቅም፤ ግን ሁላችንም ሰማናቸው።

ጓደኛዬ ለመነ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ልጁ ጨዋ መሆኑን፣ ይኸኛው ደግሞ ልማዱ ቅጥፈት ሳይሆን ማጋነን መሆኑን አስረዳ። ልዩነቱን እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። አባትየው ፈረዱ።

«በሚመጣው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይህ ሰው ብቻውን ይምጣ። ከእኔ ጋር ጨፌው ዳር ይቀመጥ። አይቶ፣ ያየውን ብቻ፣ ሳይጨምር መናገር ከቻለ ስለ ልጆቹ እንነጋገራለን። እሱንም ካልቻለ በሌላው ነገር ቃሉን እንዴት አምናለሁ? ልጁም ሌላ አገር፣ ሌላ ሴት ይፈልግ።»

ቢቸና ስንመለስ ልጁ እየበየደ ነበር። ጭምብሉን ወደ ላይ አነሳና በጥቀርሻው መካከል ሁለት ዓይኖቹ አበሩ።

«አጎቴ! ምን አሉ?»

«ጥሩ ነው። ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጡን።»

«ለመልስ?»

«ወፍ ለማየት።»

ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው በእጃቸው የወፍ ምንቃር ሠርተው ከፈት ዘጋ አደረጉና ወደ እኔ ጠቆሙ። ልጁ ገባው። ጭምብሉን መልሶ ደፋው። ከሥሩ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ባለመስማቴም ደስ ይለኛል። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገድ ላይ ደረሰብኝ።

«አጎቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ስታወራ ስስቅ ነው ያደግሁት» አለኝ። «አሁንም ልስቅ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። እሷን ካጣሁ... እባክህ።»

ሌላ አልጨመረም። ሌላ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። እህቴ ደግሞ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን የሦስቱንም ቀን ጨምራ አነጋገረችኝ።

ዓርብ ማታ ሞጣ አድሬ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጨፌው ዳር ደረስኩ። አባትየው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ማጭዳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሌላ ድንጋይ አጠገባቸው አለ።

«እንደምን አደሩ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ። እንዳታወራ።»

«እስከ መቼ?»

«ይኸው አወራህ።»

ዝም አልኩ። አሥር ደቂቃ ሙሉ! እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ ይህን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም፤ ሚስቴ ምስክሬ ናት። ጤዛው ሱሪዬን አልፎ ገባ። ከጨፌው ላይ ጉም ቀስ እያለ ሲነሳ እዚህም እዚያም የተተከሉ በትሮች ታዩ፤ አናታቸው ላይ ሣር ተቋጥሮባቸዋል። ምን እንደሆኑ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አባትየው ጣታቸውን አነሱ።

ጥቁሩ ወጣ።

ከቀጤማው ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ አየን፤ ተመለሰ። እንደገና ብቅ አለ። ከዚያ እንደ ባለዕዳ በጥርጣሬ እየተራመደ ውሃው ላይ በተንሳፈፉት ቅጠሎች ላይ ወጣ። ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ቅጠሉ አይሰምጥበትም።

«ምን አየህ?» አሉ በሹክሹክታ።

«የዶሮ ያህል የሚሆን ጥቁር ወፍ።»

«የዶሮ ያህል?»

«...የቄብ ዶሮ።»

«የቄብ ዶሮ?»

«እሺ፣ የትልቅ ጫጩት ያህል።»

«ደህና። እግሩስ?»

«እግሩማ እንደ እሳት የቀላ ነው!»

«ያቃጥላል?»

«አያቃጥልም።»

«እንግዲያው ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው።»

«እንዲህ በል።»

በዚህ ዓይነት ዓይኑም ቀይ መሆኑን፣ ምንቃሩ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ የነካው መሆኑን፣ ሌላ ቦታው ሁሉ የድስት ቂጥ... ይቅርታ፣ ጥቁር መሆኑን ተናገርኩ። አንዱን ቃል ከአፌ ሲያወጡት ጥርስ የሚነቅሉ ያህል ነበር። ወዲያው ሁለተኛ ጥቁር ወጣ፤ ከመጀመሪያው ጋር በምንም የማይለይ። ጎን ለጎን ቆሙና ያን የወፍጮ ድምፅ አንድ ላይ ለቀቁት፤ አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው ያቀብላል።

«ባልና ሚስት ማለት እነዚህ ናቸው» አሉ አባትየው። «ሁለቱም ጥቁር።»

«የትኛው ነው ባልየው?»

«እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁም። እነሱ ይለያሉ፤ ይበቃቸዋል።»

ቀጥሎ ከቀጤማው ውስጥ አንዲት አነስ ያለች፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ቡላ መልክ ያላት ወፍ እየተንገዳገደች መጣች። ያቺ ነበረች! የቢቸናዋ! ወደ አንዱ ጥቁር ቀርባ አፏን ከፈተች፤ ጥቁሩም የያዘውን ነገር ወደ አፏ ከተተላት።

«ይኸው አጎረሳት!» ብዬ ብድግ አልኩ። «አላልኩም? አጎረሳት!»

ጨፌው ባዶ ሆነ። ሦስቱም የት እንደገቡ አልታወቀም። አባትየው ድንጋዩን በጣታቸው አሳዩኝ። መልሼ ተቀመጥኩ፤ ዝቅ ብዬ፣ ከድንጋዩ ባነሰ ቁመት።

«ጉርሻ ስታይ ትዳር ነው የሚታይህ?» አሉ።

«አባቴ፣ እኛ አገር እንግዲህ የሚጎራረስ ሰው...»

«ሕፃንስ አይጎርስም? አንተን ማን አሳደገህ? በራስህ እጅ ነው ከእናትህ ሆድ ጀምሮ የበላኸው?»

እውነት ለመናገር ቢቸና ወንዝ ዳር ያን ጉርሻ ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ለአንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ጉርሻ አየሁ፤ ባል አልኩ። ሃያ ዓመት ሰው ሰብስቤ አስተማርኩበት።

አባትየው አዘኑልኝ መሰለኝ ማስረዳት ጀመሩ። ጫጩቷ ስትፈለፈል ጥቁር ናት። ስትጎረምስ እንዲህ ቡላ ትሆናለች፤ እግሯም ገና አይቀላም፤ ምንቃሯም ገና ጨለማ ነው። ስታድግ እንደ ወላጆቿ ትጠቁራለች። በትሮቹም ጎጆ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ሣሩ ተከፍቶ አጫጁ ሁሉ ሲወርድ ሣር የተቋጠረበት በትር ያለበትን አንድ እርምጃ ዙሪያ ማንም አይነካውም። «ለምን? ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «አንድ ዓመት ተከልኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ልማድ ሆነ።»

«ታዲያ ዳማዋ የለችም ማለት ነው?» አልኩ ቅስሜ ተሰብሮ።

«ዞር በል። ቀስ ብለህ።»

ዞርኩ። ከኋላችን፣ ከእግራችን አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ግልጥ ባለው ሣር ላይ አንዲት ወፍ ትሄዳለች። ስንንጫጫ ሁሉ እዚያው ነበረች። ቀጤማ ውስጥ አልተደበቀችም፤ አልተሽቆጠቆጠችም፤ እንደ ባለ ርስት ነው የምትራመደው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ደረቷና ሆዷ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ። ከጥቁሩ በግልጽ ትበልጣለች። በየእርምጃዋ ጭራዋን ወደ ላይ ቀጥ ታደርገዋለች፤ ቀጥ ሲል ከሥሩ ነጭ ብልጭ ይላል። እርምጃ፣ ብልጭ። እርምጃ፣ ብልጭ።

«ምን አየህ?»

«ነጩ እንደ...» አልኩና አቆምኩ። ምላሴ ላይ አራት ምሳሌዎች ተሰልፈው ነበር፤ አራቱም ያምሩ ነበር። ዋጥኳቸው። «ከጭራዋ ሥር ነጭ ነው።»

አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ዋጥከው አይደል? አየሁህ፤ ጉሮሮህ ሲወርድና ሲወጣ!»

ዳማዋ እየለቀመች ወደ ውሃው ጠርዝ ወረደች። ይህኔ ከጥቁሮቹ አንዱ ከቀጤማው ውስጥ ተፈናጥሮ ወጣባት፤ አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በዚያ ትንሽ ቁመቱ። እሷ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ የፉጨት ዓይነት ጆሮ የሚሰነጥቅ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላ፣ ጭራዋን ብልጭ አድርጋ፣ መልቀሟን ቀጠለች። ሁለቱን ወፎች ጎን ለጎን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ድብቅና ቁጡ፤ ሌላዋ ትልቅ፣ ዳማ፣ ግልጥና ደንታ የሌላት። እነዚህን ባልና ሚስት ለማለት ወይ ዕውር መሆን ወይ እኔን መሆን ያስፈልጋል።

«ጥቁሩ የሞጣን ሰው ይመስላል» አልኩ። «ዳማዋ የቢቸና ናት። ከማንም የማትደበቅ፣ ጨዋታ የምትወድ።»

«ዳማዋማ የሞጣ ናት!» አሉ አባትየው፤ ቅር ብሏቸው። «የጨዋ አረማመድ አላየህም? ሳያይ ብድግ ብሎ የሚጮኸው ነው የቢቸናው።»

በኋላ በስልኬ ሳነብ ሁለቱም ከአንድ የወፍ ቤተሰብ መሆናቸውን አወቅሁ። ጥቁሩ ከሰሃራ ወዲህ ባለው አፍሪካ በየረግረጉ አለ፤ ዳማዋ ግን ከእኛና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ይህን ለአባትየው ስነግራቸው፣ «ዘመዳሞች መሆናቸውንስ ከአረማመዳቸው አውቄ ነበር፤ ግን ሩቅ ናቸው» አሉ። ሞጣ ውስጥ ዘመድ እንዴት በአረማመድ እንደሚታወቅ አልጠየቅኋቸውም።

ፀሐይ ወጣች። ከመጀመሪያው ጀምሬ ያየሁትን ሁሉ እንድናገር አዘዙኝ። ተናገርኩ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ዳማ፣ ነጭ። እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ደረቅ አድርጌ። አንድ ቦታ ላይ «መቶ ጊዜ ጭራዋን...» ብዬ ጀመርኩና ራሴ አረምኩት፤ «ብዙ ጊዜ።»

«ደህና» አሉና እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የወፉ ነገር አለቀ። አሁን የሰው ተራ ነው። ያ ድምፃቸው የጠፋው ሽማግሌ የልጁን የአባቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት በወረቀት ጽፈው ልከውልኛል፤ ከእኛ ጋር የሚነካካ የለም። የእናቱ ወገን አንተ ነህ። ቁጠር።»

አባቴን ብዬ አንድ ጣት ዘረጋሁ። አያቴን ብዬ ሁለተኛውን። የአያቴን አባት ብዬ ሦስተኛውን። አራተኛው ጣቴ እንደታጠፈ ቀረ።

አፌ ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። አፌማ ሞልቶ ነበር። አራት ስም በአንድ ትንፋሽ ማምጣት እችል ነበር፤ ሁለቱን ባለ ማዕረግ፣ አንዱን አንበሳ ገዳይ፣ አንዱን ደብር ያሳነጸ አድርጌ። ከዚህ በፊት በለቅሶም በሠርግም ቤት አድርጌዋለሁ፤ ማንም አልያዘኝም። አባትየው ግን ቅድም ወፎቹን ባዩበት፣ በዚያ በማይንቀሳቀስ ዓይን ያዩኛል። ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። ከአየር ላይ የማወርደው ቅድመ አያት ድንገት የእሳቸው ዘር ውስጥ ያለ ሰው ቢሆንስ? በአንድ የፈጠራ ስም ሁለቱን ልጆች ወንድምና እህት ላደርጋቸው ነው። ልጁ መንገድ ላይ «እባክህ» ያለው ትዝ አለኝ።

«አባቴ» አልኩ፤ «ከሦስተኛው በላይ አላውቅም።»

«ምን አልክ?»

«አላውቅም። አባቴ ሲያስቆጥረኝ ልጅ ሆኜ እስቅ ነበር። አልያዝኩትም።»

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ይህን ሳታውቅ ነው ሽማግሌ ሆነህ ደጄ የመጣኸው?»

«አዎ።»

ጎንበስ ብለው ማጭዳቸውን አነሱ። ሊሄዱ መሰለኝ። እሳቸው ግን በስለቱ ጀርባ ከጫማቸው ላይ ጭቃ መፋቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነበር።

«ዛሬ ከአፍህ ምንም ሳይታከልበት የወጣ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው» አሉ። «ሳትታዘዝ ማለቴ ነው። የሚያውቅ ሰው አለ?»

«እህቴ።»

«ደውልላት።»

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመካከላችን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እህቴ ጉዳዩን ስትሰማ ለሰላምታ እንኳ አልቆመችም። ሰባቱንም ሳትተነፍስ ዘረገፈችው፤ በመካከሉ ማን ከየት አግብቶ እንደመጣ፣ ማን የትኛው ወንዝ ማዶ እንደተቀበረ ሳይቀር። አባትየውም በበኩላቸው የልጃቸውን ቆጠሩ። ሁለቱ፣ አንዱ ቢቸና አንዱ ሞጣ ሆነው፣ ስም ከስም ሲያጠጋጉና ሲያራርቁ እኔ ሣር እየነጨሁ ተቀመጥኩ። የትም ላይ አልገጠመም።

«ንጹሕ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ፈቃዷ ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡና ቀን እንቁረጥ።»

ከስልኩ ውስጥ እልልታ መጣ። ዳማዋ እንኳ ለአንድ አፍታ ቀና አለች። እልልታው ሲያበቃ እህቴ ጠየቀች።

«ያ ወንድሜ የት ሄዶ ነው እኔን ያስቆጠራችሁኝ?»

«እዚሁ አጠገቤ አለ» አሉ አባትየው።

«ስንተኛው ላይ ቆመ?»

«ሦስተኛው ላይ።»

«ሦስተኛውንስ ከየት አገኘው!» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ሠርጉ ጥር ላይ ተደረገ። ሽማግሌው ድምፃቸው ተመልሶላቸው ነበርና ለሦስት ሰው የሚበቃ ምርቃት መረቁ። ነጋዴው ጓደኛዬ ሙሽሮቹ ሲጎራረሱ ሲያይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ተጠንቀቅ፤ አባትና ልጅ እንዳይሆኑ» አለኝ፤ እስኪያንቀው ሳቀ። ሳቄን እንደታዘዝኩት ከሌሎቹ በኋላ ሳቅሁ።

እህቴ በዚያው ሰሞን ሰባቱን ስም በወረቀት ጽፋ፣ «አጥናው፤ ነገ ደግሞ የሌላው ልጄ ተራ ነው» ብላ ሰጥታኝ ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ረስቼው ከሸሚዙ ጋር ታጠበ። ሌላ ጻፊልኝ ለማለት አፍሬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ለሰው ልጅ የሸመገልኩ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ የገዛ ዘሬን ግን ዛሬም ከሦስት ቤት በላይ መቁጠር አልችልም።